አክስቴን ጭራቅ ያደረግሁበት ጨዋታ

ውድ አክስቴ ወይኒ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሰነበቱ አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ አራት ጊዜ ሮቫ ቤት ሰፈር መጥቼ በርዎን አንኳኩቻለሁ። አራቱንም ጊዜ ከውስጥ “ማነው?” ይላሉ፤ “እኔ ነኝ፣ ኤልአዛር” ስል አይከፍቱልኝም። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጅዎ ሺር ልትከፍትልኝ ስትል “ተይው፣ ይሂድ” ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እንግዲህ ጎንደር ሦስተኛ ክፍል ላይ ባቆመው ፊደሌ ልጻፈው።

አንቱ “የትልልቅ ሰዎች ዕቃ ዕቃ” የሚሉት ያ ጨዋታችን ነው ጉዱ። አርብ አርብ ጠዋት እኔ ቤት ከጓደኞቼ ከቤን፣ ከአልማና ከዮአቭ ጋር ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። እኔ አስፈሪ ታሪክ አወራለሁ፤ እነሱ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው “እሮጣለሁ”፣ “እደበቃለሁ” ይላሉ። ከዚያ ቁጥር የተጻፈበት ሃያ ገጽ ያለው ጠጠር ይወረውራሉ፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይድናሉ። ድምፃችንን ቀድተን ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን። ሰው ሰማኝ ብዬም ደረቴን እነፋለሁ፣ ሞኙ!

ባለፈው ክረምት ታሪክ አለቀብኝ። መናፍስቱም፣ የተዘጋው ሆስፒታልም፣ ከባሕር የሚወጣውም ሁሉ ተነገረ። አልማ “ተው እንጂ፣ ኤልአዛር፣ ይሄ እኮ አያስፈራም” አለችኝ። ነደደኝ። እና ምላሴ ይቆረጥ፣ የአንቱን ምስጢር አወጣሁ።

ያን ቀን ከኩፓት ሆሊም ክሊኒክ፣ ከሐኪም ዘንድ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ የነገሩኝን። ወደ ሱዳን ስትሄዱ ቀን ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ስትደበቁ፣ ወታደሮች በአጠገብዎ ሲያልፉ፣ የሰባት ወር ልጅዎ ማልቀስ ስትጀምር አፏን በእጅዎ የያዙትን። ወታደሮቹ አልፈው እጅዎን ሲያነሱ ትንፋሽ ያልነበራትን። ለባልዎ እንኳ “በሽታ ነው” ብለው አርባ ዓመት የኖሩትን። “ካንተ አይውጣ” አሉኝ። “ኧረ አክስቴ!” ብዬ እጅዎን ሳምኩ።

አገሩንም ዘመኑንም ቀየርኩት፤ በቂ መስሎኝ። ግን ጨዋታው ጭራቅ ይፈልጋል። ወታደሮቹን ጭራቅ ማድረግ እችል ነበር። እናቲቱን አደረግኋት። ጫካ ለጫካ የምትዞር፣ ሕፃን ሲያለቅስ በሰማች ቁጥር እጇን ዘርግታ የምትመጣ። አልማ ጠጠሩን ወረወረች፤ አሥራ ዘጠኝ ወጣላት፤ እናቲቱን አቃጥላ ሕፃኑን ይዛ አመለጠች። ሁሉም አጨበጨቡ። እውነቱን ልንገርዎት? እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

ሺር ምን በወጣት! ከጦር ሰፈር ለዕረፍት ቤት ገብታ፣ ሰንበት ሳይገባ ስልኳን ከፍታ “ሳፍታ፣ አያቴ፣ የኤልአዛርን ስሚው እስቲ፣ በጣም ያስፈራል” አለችዎት። ከዕብራይስጡ ቃል በቃል እየተረጎመች። ድንች እየላጡ ሰሙ አሉ። በመጨረሻ “ሴትዮዋስ ምን ሆነች?” ብለው ጠየቋት።

“ጭራቅ ነቻ፣ ሳፍታ! ተቃጠለች።”

ቢላውን አስቀምጠው መኝታ ክፍልዎ ገቡ። ሺር እስካሁን “ምን አድርገሃት ነው?” ትለኛለች።

ቅጂውን አጥፍቼዋለሁ። ግን የማላውቀው ሰው ሌላ ቦታ ለጥፎታል፤ አንዱ ደግሞ ሴትዮዋን ስሏታል፣ ጣቶቿን አርዝሞ። ቤን አጭር ፊልም እንሥራበት አለ። እምቢ አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ። የልጅዎን ስም ብቻ አልተናገርኩም። እዚህም አልጽፈውም።

አፍራለሁ፣ አክስቴ። ሌት ተቀን አፍራለሁ።

ፖስታውን አሽጌ ነበር፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። አንቱ ፊደል አልቆጠሩ። ከኩፓት ሆሊም፣ ከመንግሥት የሚመጣልዎትን ወረቀት ሁሉ የማነብልዎት እኔ ነበርኩ። ሺር አማርኛ ማንበብ አትችልም። ጎረቤትዎ አያ ወንዳለ ይችላሉ፤ ግን ካነበቡልዎት እሳቸውም አወቁ ማለት ነው፣ ምስጢርዎን ሁለተኛ አወጣሁት ማለት ነው። ስለዚህ አልልከውም። ይቅር ይበሉኝ ማለቴን ሳይሰሙ ነው እንግዲህ የምንኖረው።

የወንድምዎ ልጅ
ኤልአዛር
አሽዶድ፣ ሮቫ ሄ