መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም

ሚጡ፣

ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ ክላክሱን እያስጮኸብኝ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልጻፍልሽ።

በጋራ ኮምፒውተራችን ዕቃ አዝዘሽ ስትጨርሺ ከአካውንትሽ ውጪ። መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም፤ ስልክሽም አድራሻሽም እዚያው ቁጭ ብሎ ይቀራል። የባንክ ካርድሽን «ላስቀምጥልሽ?» ሲልሽ እምቢ በይው። ለመጣው ሁሉ ደግሞ «እስማማለሁ» አትበዪ። ለእኔ እንኳ ብለሽ አታውቂም!

ጠዋት የሥራ ጫማ ዋጋ ልይ ብዬ ብከፍተው፣ በጫማው ዙሪያ ያለው ሁሉ የሚከራይ ቤት ነው። «ባለ አንድ መኝታ፣ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት የሚስማማ።» የእናቴ ልጅ ጥላኝ ልትወጣ መሆኑን ከማስታወቂያ ልስማ?

ባለፈው የታሸገ ዕቃሽን የከፈትኩት የእኔ መስሎኝ ነው ብዬሽ ነበር። እሺ፣ አልመሰለኝም።

ራትሽ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ የነበረውን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቼልሻለሁ። የቤት ኪራዩ ገጽ ግን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። አውቃለሁ፣ እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። የልደት ቀንሽን ሞከርኩ፣ የእማዬን ስም ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ተናድጄ የራሴን ስም ብጽፍ ተከፈተ።

ዛሬውኑ ቀይሪው። የእህትን ስም ማንም ይገምተዋል፤ እኔ ነኝ መጨረሻ ላይ ያሰብኩት።

ሾፌሩ ስሜን እየጠራ ነው። ቤት ሲገኝ እንዲያሳውቁሽ የሞላሽው ቅጽ ላይ «አንድ መኝታ» የሚለውን «ሁለት» አድርጌዋለሁ።

ካልፈለግሽ መልሺው።