አባትሽና አሮጌው ፍሪጅ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? የያዝሽው ይባረክልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ሰሞኑን መቀመጫ አጥቻለሁ።

ፍሪጁ ደከመ። ጠጋኙ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነፍስ ዘራበት፤ ግን ሁለት ቀን ሠርቶ መልሶ ዝም አለ። ወተቱስ ይቅር፤ ያንገበገበኝ የአባትሽ ኢንሱሊን ነው። በልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ እመላለሳለሁ። ትናንት በሯ ተቆልፎ፣ መርፌው ሰዓቱ አልፎ፣ እስክትመጣ ደጇ ላይ ስንቆራጠጥ ቆየሁ። ጠጋኙም በመጨረሻ "እማማ፣ ሞተሩ አብቅቶለታል፤ አዲስ ይግዙ" አለኝ።

አባትሽ ግን "ይጠገናል!" ብሎ ድርቅ አለ።

"ምነው ሰውዬ፣ ለቆርቆሮ ብለህ ልትሞትብኝ ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ያረጀ ሁሉ ከተጣለ፣ ነገ ተራው የማን ነው?" አለኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

አጠገቡ ተቀመጥኩና "ፍሪጅ ይለወጣል፤ አንተን የሚተካ ግን የትም ሱቅ የለም" አልኩት። ሳቀ። ዛሬ ጠዋት አብረን ሄደን አዲስ መረጥን። በሩን እየከፈተ እየዘጋ ሻጩን መከራ ያበላው እሱ ነው።

እኔ ግን ያ "ተራው የማን ነው" ያለው ነገር አሁንም ከልቤ አልወጣም። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትደውዪ ይህን ሁሉ እንደነገርኩሽ አታንሺበት። "አባዬ፣ አንድ ነገር ላማክርህ" በይው ብቻ።

እናትሽ