ዳሩ በእኔ በኩል

ጥር ፫ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ከብርዱ በቀር አዲስ ነገር የለም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፀሐይ ሞቅሁ። ወደ ገበያ ስወርድ የእህል ነጋዴው የውበቱ የጭነት መኪና ከኋላዬ መጣ። ጥሩምባ ነፋ። መንገዴን ቀጠልሁ። ደግሞ ነፋ። ከዘራዬን ተክዬ ዞርሁና ወደ ጭነቱ ቦታ ቀና ብዬ አየሁ... ባዶ! ባዶውን ነው እንዲህ የሚጮኸው? መሐል መንገዱን እንደያዝሁ ቀስ እያልሁ ሄድሁ።

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ "አባት፣ መንገዱ እኮ የመኪና ነው!" አለኝ።

"መኪናህ ሳይወለድ በዚህ ሠላሳ በቅሎ ነድቻለሁ። የሲራራ ነጋዴ ሕግ አታውቅም? ባዶ ለጫነ ይለቃል።"

"እና እርስዎ ምን ጭነዋል?"

"ሰባ አንድ ዓመት!"

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እስከ ገበያው አፍ በእግር እየመራሁ አደረስሁት።

ጥር ፭

ጀማሉዲን መጣ! ልጄ። ሳይነግረን፣ ሳይልክብን። ሱዳን ከሄደ ስምንት ዓመቱ። ከሰላ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ፈዲላ የያዘችውን እንስራ አስቀምጣ አየችው። ሲሄድ ነሲባ በሆዷ ነበረች። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ከኋላዬ ተደብቃ "አባባ፣ ማነው?" አለችኝ።

"የሱዳን ሾፌር ነው፤ መንገድ ጠፍቶት ነው የመጣው" አልኋት።

ፈዲላ በዓይኗ ወጋችኝ። ይገባኛል...

ማታ ላይ "እስከ አረፋ ነኝ፣ አባ" አለ። አረፋ ወር ከአራት ቀን ቀረው። ጣቴን ቆጥሬ ነው ያወቅሁት።

ጥር ፰

ቀኑን ሙሉ ስጠይቀው ዋልሁ። ሱዳን ውስጥ መኪና በግራ ነው የሚሄደው አሉ።

"አስተግፊሩላህ! የሙስሊም አገር በግራ? በግራስ ትበሉ ጀመር እንዴ?"

"እንግሊዝ ነው ያስለመዳቸው። ደግሞስ አባ፣ እኔ ስሄድ እዚህም በግራ አልነበር?"

እውነቱን ነው! ቀኝ ያዙ የተባለው በሃምሳ ስድስት ነው። አገሩ በአንድ ቀን ጎኑን ገልብጦ ተኛ፤ ልጄ አልነበረም፤ ማን ይንገረው?

ሌላም ነገረኝ። እዚያ ምድረ በዳ ነው፤ ኩርባ የለም፣ ገደል የለም። ተበላሽቶ የቆመ መኪና ሲያይ "ውሃ አለህ ወይ?" ሳይል የሚያልፍ ሾፌር ስሙ ይጠፋል፤ ሰው አያበላውም። የእኛ ሾፌር ሲበላሽበት ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ ይጥላል፣ የሚመጣው እንዲያውቅ። እዚያ ዛፍ ስለሌለ አሮጌ ጎማ ያስቀምጣሉ። ሲተላለፉ ደግሞ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው የልጁን የከብቱን ደህንነት ይጠያየቃሉ፣ ሁለቱ መኪና ተራርቆ ድምፅ እስኪጠፋ። ይሄን ወደድሁት። የእኛዎቹ ሰላምታውም ስድቡም ያው አንድ ጥሩምባ ነው!

ጥር ፲፩

ውበቱ ቤታችን መጣ። ሾፌሩ አሰብ ሥራ አግኝቶ ሊለቅ ነው።

"አያ ኑርሁሴን፣ ልጅዎ ሱዳን ሳይሄድ የደሴውን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ነበር አሉኝ። ወረኢሉ ባዶውን ሄዶ ስንዴ ጭኖ ይምጣ። መኪናዬን ሳያስጭር ከተመለሰ መሪው የሱ ነው።"

መሪውን ካገኘ ይቀራል። ይሄን ማንም አፍ አውጥቶ አላለውም። ፈዲላ ግን የጀማሉዲንን ሻንጣ ከበሩ ጥግ አንስታ ከአልጋው ሥር ከተተችው። አይቻለሁ።

ሁላችንም ፈገግ ስንል ጀማሉዲን ብቻ አልሳቀም። "ጭንቅላቴ ቀኝ ያውቃል፣ አባ። ድንገት ሲሆን ግን እጄ ወደ ግራ ይሄዳል። እጄን ነው የፈራሁት።"

ጥር ፲፫

መደቡን መኪና አደረግነው። ጀማሉዲን ሰፌድ ይዞ መሪ ነው አለ። እኔ ጎኑ ተሳፋሪ። ነሲባ ከፊት የሚመጣ መኪና፤ "ጲጲጵ!" እያለች።

"እስቲ ሱዳንን አሳየኝ" አልሁት። በቀኜ ተቀመጠ። የሱዳን መኪና መሪው በቀኝ ነው። መንገዱን ግራ ያዘ። "አሁን ደግሞ አገርህን።" ዞሮ በግራዬ ተቀመጠ። መንገዱን ቀኝ ያዘ።

ቆይ! አልሁ። ደግመህ አሳየኝ። ሱዳን። አገርህ። ሱዳን። አገርህ።

እሱ ሁልጊዜ በመሐል መንገዱ በኩል ነው። እኔ ሁልጊዜ በዳሩ በኩል! ግራም ቢሉት ቀኝም ቢሉት፣ ቦይ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ።

"አገኘሁት! ግራ ቀኝ የሚለውን ተወው። አባትህን በዳሩ በኩል አድርገው፣ በቃ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ሰፌዱን እያዞረ አምስት ስድስት ጊዜ ጎኑን አየ። "ወላሂ፣ እውነትህን ነው" አለ።

አሁን ማን ነው የሱዳን ሾፌር?

ጥር ፲፰

ወደ ወረኢሉ ተነሣን፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥሁ። በዳሩ በኩል። ሰላም ያላልሁት ሰው የለም። ልጁ ግሩም አድርጎ ነዳ። ሲጠራጠር ዞር ብሎ ያየኛል፣ መኪናው ወደ ቀኝ ጠጋ ይላል። እንዲህ እንዲህ ብለን ከቁልቁለቱ ኩርባ ደረስን። በቀኝ ተራራ፣ በግራ ገደል።

የተጫኑ አህዮች መጡ። ጨው። ተራራውን ተጠግተው፣ ፊት ለፊታችን። ልክ ናቸው እኮ! የጫነ ተራራውን ይይዛል፣ ባዶው በገደሉ በኩል ያልፋል። እኛ ባዶ ነን። አፌ ቀደመኝ፤

"ለጫነ ልቀቅ! ገደሉን ያዝ!"

እጁ ወደ ግራ ሄደ። እንዴት አድርጎ ፈጠነ! ሞላ የሚባለው የደጎሎ ሾፌር መኪና ከኩርባው ብቅ አለ። እሱ ቀኙን ነው የያዘው፤ የሱ ቀኝ ደግሞ ገደሉ ነው።

ፍሬን... አቧራ... ሲገለጥ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመዋል፤ መሐላቸው ስንዝር። የግራ ጎማችን አጠገብ ያለው ድንጋይ ተፈንቅሎ ወርዶ ወርዶ ድምፁ ቆይቶ ተሰማ።

ሞላ ወረደ። "ሱዳን መሰለህ እንዴ አንተ?! አባትህን ይዘህ ልትገባ ነበር!"

ጀማሉዲን "እጄ ከዳኝ፤ ይቅር በለኝ" አለ። ወደ እኔ አልዞረም። የኔን ጩኸት አላነሳም።

እኔም አልተናገርሁም። አፌ ያን ጊዜ የት ሄዶ ነው?

ጥር ፲፱

አልጻፍም።

ጥር ፳፪

ሞላ ለውበቱ ነግሮታል። ውበቱ ቁልፉን ወሰደ። አልተቆጣም፤ ያ ባሰብኝ። "ልጁ ጥሩ ነው፣ ግን ሱዳን ከእጁ አልወጣም" ብሎ ሄደ።

ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቷል። ፈዲላ ሸሚዙን አጥባ እያጠፈች ትከታለች።

ነሲባ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። "አባባ፣ ሰውዬው ሊሄድ ነው?"

"አባትሽ ነው። ሰውዬ አይባልም።"

"አባት ይሄዳል እንዴ?"

ጋቢዬን አለበስኋት።

ጥር ፳፬

ገበያ ቀን። ውበቱ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ እህል ያስመዝናል፤ ሰዉ ሞልቷል። ሌላ ቀን ልሂድ? አልሁ። ደግሞ ሰው ፊት ሳሾፍ የኖርሁትን ሰው ፊት ልክፈለው ብዬ ገባሁ።

"ውበቱ፣ ያንን መሪ የጠመዘዘው የልጄ እጅ አይደለም። የኔ አፍ ነው።"

ሚዛኑ ቆመ። ሁሉንም ነገርሁት። አህዮቹን፣ ባዶ ለጫነ ይለቃል ማለቴን፣ ልጁ አባቱን ላለማዋረድ ዝም ማለቱን።

"ታዲያ ሞላ ሲሰድበው እንዴት ዝም አሉ አያ ኑርሁሴን? አንቱ እንኳን!"

"ፈራሁ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ላይ ስስቅ ኖሬ፣ በኔ ሲሳቅ እንዴት እንደሚሆን አላውቀውም።"

አንዱ ሳቀ። ተከታትለው ሳቁ። ውበቱ ዓይኑን እስኪያብስ ሳቀ። ይሁና! አልሞትሁም።

"አንድ ጊዜ ደግሜ አየዋለሁ" አለ። "እኔም አብሬ እሄዳለሁ። አንቱም እዚያው ቦታዎ ላይ ይቀመጣሉ። ግን ወረኢሉ ደርሰን እስክንመለስ አንድ ቃል ከተነፈሱ፣ ልጅዎ ሱዳን ይሂድ።"

ያ ረቢ። ከዚህ ይልቅ መኪናውን እንድጎትት ቢያዘኝ!

የካቲት ፪

ሄድን። ጀማሉዲን መሪው ላይ፣ ውበቱ መሐል፣ እኔ በዳሩ በኩል፣ የጋቢዬን ጥለት ነክሼ። ምን ያልታየ ነገር አለ! ጭነቷ ሆዷ ሥር የተገለበጠባት ግመል፣ ጫማውን በራሱ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው... ሁሉንም ዋጥሁ።

ያው ኩርባ። የሰው ያለህ፣ ያው አህዮች! ተራራውን ተጠግተው። ጥለቴን ነክሼ ልጄን አየሁት። ጀማሉዲን ወደ እኔ ዞር አለ። ቀኙን እንደያዘ ቆመ። ጥሩምባ ነፋ፤ አጠር አድርጎ፣ እንደ ሰላምታ። እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፉ አለ። የአህያ ነጂው አህዮቹን አንድ በአንድ በመሐል መንገዱ በኩል አሳለፈ። መኪና ለአህያ ቆሞ! ይሄስ የማን አገር ሕግ ነው? የሱዳንም የእኛም አይደለም። የልጄ ነው።

ነጂው ሲያልፍ አየኝና "አሰላሙ አለይኩም፣ ኑርሁሴን!" አለ።

ጉድ ፈላ። ሰላምታ አለመመለስ ሐጢአት ነው። ውበቱ አፌን አፍጥጦ ያያል። ጀማሉዲን መሪውን ጨብጦ ትንፋሹን ያዘ።

"ወአለይኩሙ ሰላም" አልሁ። በሹክሹክታ።

"ተነፈሱ!" አለ ውበቱ።

ጥለቴን መልሼ ነከስሁ፤ በጣቴ ወደ ሰማይ አሳየሁት።

እሱም ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ፣ "ለፈጣሪ የተከፈለ አይቆጠርም" አለ። "ንዳ፣ ጀማሉዲን!"

ስንዴውን ሙሉ ጭነን ተመለስን። መኪናው ጭረት የለበትም። ውበቱ ቁልፉን በልጄ መዳፍ ላይ አኖረና ጨበጠለት። እኔ ከመኪናው ስወርድ መናገር የጀመርሁትን እስካሁን አልጨረስሁም።

የካቲት ፱

አረፋ። በግ አረድን። አልሄደም። ነሲባ ቅልጥሙን "ለአባዬ" ብላ ወሰደችለት። ለእኔ አንገቱን! ምን ይደረግ።

የካቲት ፲፬

ዛሬ ጀማሉዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሄደ። ስንዴ ሊያደርስ፣ ደሴ። ጠዋት መጥቶ ደጃፍ ላይ ተንቆራጠጠ።

"ምን ፈለግህ?"

"አባ... ከዘራህን ታውሰኛለህ?"

"ሾፌር ምርኩዝ ምን ይሠራለታል? አረጀህ እንዴ?"

ሰጠሁት።

ከረፋዱ ያለ ከዘራ ወደ ገበያ ወረድሁ። እንደ ሕፃን እየተወላገድሁ፣ እንደ ልማዴ መሐል መንገዱን ይዤ። ከኋላዬ ጥሩምባ ነፋ። አጠር ያለ። ዞርሁ። ቀና ብዬ አየሁ፤ እስከ አፉ ስንዴ ተጭኗል።

ሰዉ የምለውን ይጠብቃል። አሁን ምን ሊል ይሆን ብሎ ነው።

ምን እላለሁ? ሰባ አንድ ዓመቴን እንደተሸከምሁ ወደ ዳሩ ወጣሁ። በሕይወቴ ለመኪና መንገድ ስለቅ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ የጫነው እሱ ነው።

ጀማሉዲን እጁን አውጥቶ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ነሲባ፣ ስለ ላሚቱ እየጠየቀ አለፈ፤ ድምፁ እስኪጠፋ። እኔ ግን እሱን አላየሁም። በእኔ በኩል ባለው መስኮት ከዘራዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

በዳሩ በኩል።