ለኪዳኔ፣ ስለተሰነጠቀው የሳልሕ ሞተር

ውድ ኪዳኔ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ልጽፍልህ ስቀመጥ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን በአርባህ ማግስት ጽፌው ነበር። ናፍቆቴን ብቻ ደርድሬ ዋናውን ነገር ስለዘለልኩት ቀደድኩት። አሁን የዘለልኩትን ልነግርህ ነው። በአማርኛ የምጽፍልህ የእኔና የአንተ መነጋገሪያ እሱ ስለነበረ ነው። ጎረቤቶቻችን ትግርኛዬን ዛሬም ያርሙኛል። አንተ ግን አማርኛህን ሳርምህ ትስቅ ነበር እንጂ አትታረምም ነበር።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። ሰፈራችን ቤት ጊዮርጊስ እንደተውካት ናት። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከምጽዋ መንገድ ሽቅብ ይመጣና አጥሩን ይውጠዋል። የጓሮውን በር ዝገት ስለጨረሰው አስቀየርኩት። ሞተር ትፈታበት በነበረው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አንዲት የጎዳይፍ ሰፈር ልጅ ልብስ ትሰፋለች። የወለሉ ዘይት በላምባም በሳሙናም አልለቅ ቢላት ምንጣፍ አነጠፈችበት። እኔ አሁንም ሹራብ ፋብሪካ ነኝ፤ ግን ቁጭ ብዬ ወደምሠራበት ክፍል ስላዛወሩኝ እግሬ ማበጡን ትቷል።

ይኸው፣ አሁንም ዙሪያውን እየዞርኩ ነው።

ነጻነት በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ዓሣ አጥማጁ ወዳጅህ ሳልሕ ያንን የጀልባ ሞተር በጭነት መኪና ከምጽዋ ሲያመጣልህ ታስታውሳለህ። ጀልባዋ በጦርነቱ ጊዜ ከነሞተሯ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሰጥማ ከርማ ነበር። ጀልባዋን እዚያው እየጠገናት፣ ሞተሩን ግን ከአንተ በቀር የሚያስነሳው የለም ብሎ አመጣው። ሙቀቱ ሳይመለስ ዓሣ ማጥመድ ሊጀምር ነበር ሐሳቡ። አንተም በሥራ ቀን ከምትሠራበት ጋራዥ እየመጣህ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጓሮ ውስጥ ስትፈታና ስትገጥም ከሦስት ወር በላይ ሄደ።

ያን ጊዜ እናቴ ደሴ ታማ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ሰው መመላለስ ጀምሯልና እንሂድ አልኩህ። ብቻዬን እንዳልሄድ ፈራህልኝ፤ አብረን እንድንሄድ ደግሞ፣ “ይቺን ሞተር ልጨርስና” አልከኝ። ሁለተኛም ጠየቅሁህ፤ መልስህ ያው ነበር። ኅዳር ላይ መርዶዋ መጣ። አንተ ከልብህ አለቀስክ፤ ድንኳኑን ራስህ ተከልክ፤ ሰው ሲበተን እጄን ይዘህ፣ “በደልኩሽ” አልከኝ። እኔ እጄን ከእጅህ አወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሞተር በጓሮ በኩል ሳልፍ አላየውም ነበር፤ ፊቴን አዞራለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ሞተሩ አለቀ። የባሕሩን ጨው ከውስጡ ለማጠብ ንጹህ ውሃ በበርሜል አቀረብክና አስነሳኸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አጠገቡ ቆመህ፣ እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ ድምፁን ታዳምጥ ነበር። እንደዚያ ስትደሰት ያየሁህ ጥቂት ጊዜ ነው። በማግሥቱ ደረትህን አፈነህና ሆስፒታል አስተኙህ።

አልጋው ላይ ትንፋሽህ ትንሽ መለስ እንዳለ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ስለ ሞተሩ ነው። ያጠብክበት ውሃ ውስጡ ቀርቷል። ሞተሩ ከዳሱ ውጭ ሜዳ ላይ፣ እንጨት ላይ ተቀምጦ በሸራ ብቻ ነው የተሸፈነው። በወጣትነትህ በጭነት መርከብ ስትሠራ ውሃ በረዶ ሆኖ ብረት ሲሰነጥቅ አይተሃል። ምጽዋ ለኖረ ሰው ይህ ተረት ነው፤ በታኅሣሥ ቤት ጊዮርጊስ ውርጭ እንደሚወርድ ግን እኔም አንተም እናውቃለን። የሞተሩ ብረት ደግሞ በጨው ሳስቷል። “ጥሩዬ፣ ዛሬውኑ” አልከኝ። “በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ቡሎኖች ፈትተሽ ውሃውን እስከ ጠብታው አፍስሺ። መልሰሽ ዝጊያቸው። ከዚያ በጄሪካን ያለውን አረንጓዴ የበረዶ መከላከያ፣ አንቲፍሪዙን፣ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ደባልቀሽ ከላይ ጨምሪ። በጭስ መውጫው በኩል አረንጓዴ ሆኖ እስኪወጣ አትተዪ።”

ሥራውን አውቀው ነበር። መብራት ስይዝልህና ቁልፍ ሳቀብልህ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።

ኪዳኔ፣ አልረሳሁትም። ብረሳውማ ምን ነበረበት። ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ይዤ ሞተሩ ፊት ቆምኩ። ሸራውን ገለጥኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ለእሷ አንድ ሳምንት ያጣው ሰው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ለዚህ ብረት ይጨነቃል አልኩ። ሸራውን መልሼ ጣል አድርጌበት ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ሾርባ ይዤልህ መጣሁ። “አፈሰስሽው?” አልከኝ። “አዎ” አልኩህ። “አረንጓዴው ወጣ?” አልከኝ። “ወጣ” አልኩህ። ዓይንህን ጨፍነህ፣ “የቐንየለይ” ብለህ በትግርኛ አመሰገንከኝና እንቅልፍ ወሰደህ። በሽታው ከያዘህ ወዲህ የመጀመሪያው ደህና እንቅልፍህ እንደሆነ ነርሷ ነገረችኝ።

ሁለት ንጋት ውርጭ ወረደ። በሦስተኛው ማለዳ ደጅ ያደረ ባልዲ ላይ ጣቴ የማይሰብረው በረዶ አየሁ። ያኔ ደነገጥኩ። ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቄ ቡሎኖቹን ፈታሁ፤ ውሃው ከስስ የበረዶ ስባሪ ጋር ወጣ። አፈሰስኩ፤ ዘጋሁ፤ ግማሽ በግማሽ ደባልቄ አረንጓዴው እስኪወጣ ጨመርኩ። ሁሉንም አንተ እንዳልከኝ አደረግሁ፤ ሦስት ቀን ዘግይቼ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ገና ካፖርትህን ሳታወልቅ ወደ ጓሮ ሄድክ። በሞተሩ ጎን አረንጓዴ ጠብታ ነበር። በጨርቅ ጠረግኸው፤ ተመልሶ ወጣ። ስንዝር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። በአውራ ጣትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድክባት። “ግማሽ በግማሽ ነበር የደባለቅሽው?” አልከኝ። አዎ አልኩህ፤ ይህ እውነት ነበር። “እንግዲያው ፈሳሹ ያረጀ ነው። ሳልፈትነው ነው የሰጠሁሽ። ያንቺ ጥፋት አይደለም” አልከኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ፣ “ግባ፣ ይበርድሃል” ብቻ አልኩ።

ሳልሕ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ ወንድሜ ብለህ ተቀብለኸው፣ “ሳልሕ ሓወይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አልከው። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ብየዳ ሞከርክ፤ አልያዘም። ሳልሕ እነዚያን ወራት በሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሮ አሳለፈ። አንተ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆንክ። ቤት ድረስ የሚመጣ ጥገና መቀበል ተውክ። ጋራዥም የገጠምከውን ሁሉ ከመዝጋትህ በፊት አብሮህ የሚሠራውን ታላቅህን ኣያ ሃብተን ጠርተህ፣ “እስቲ ተመልከትልኝ” ማለት እንደጀመርክ ራስህ ነገርከኝ። ቀላል አድርገህ ነው የነገርከኝ፤ ዕድሜ ነው ብለህ። በሃያ ሰባት ዓመት ሥራህ ማንንም ተመልከትልኝ ብለህ አታውቅም። ዕድሜ እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እያየሁህ እራትህን አቀረብኩልህ። የምነግርህ ነገ ነበር፤ ሁልጊዜ ነገ። ደረትህ ሲብስ ደግሞ አሁንማ ምን ያደርግለታል አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንተ ሳይሆን ለራሴ ፈርቼ ነው። በዚያ በታመመ ዓይንህ እንዳታየኝ።

አምና ኣያ ሃብተ የመሣሪያ ሳጥንህን እንድወስድ ላከብኝ። ስደርስ ሠራተኞቹ የአንድ መኪና ራዲያተር እየሞሉ ነበር። መምጣቴን አላየም። “ፈሳሹን መጀመሪያ ፈትኑ” ይላቸዋል። “ኪዳነን የሚያህል ባለሙያ ሳይፈትን ቀርቶ የሰው ሞተር አስፈነዳ።” ሲያየኝ አፈረ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ኪዳኔ። ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም።

በዚያው ሳምንት ምጽዋ ወረድኩ። ሳልሕ መረብ እየጠገነ አገኘሁት። ሌላ ሞተር አግኝቷል፤ ጀልባዋም ውሃ ላይ ናት። ሻሂ አስመጣልኝ። ሳልጠጣው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ የእናቴንም፣ የሸራውንም፣ “አዎ” ብዬ መዋሸቴንም። እጁ መረቡ ላይ ቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

“ሓፍተይ” አለኝ እኅቴ ሲል፣ “ለሞተሩ ይቅር ብዬሻለሁ፤ እኔም ሰው እናቱን እንዳይጠይቅ ማስቀረቴን አላወቅሁም ነበር። ግን ኪዳነ እዚህ ድረስ ወርዶ፣ እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጦ፣ እጄ ከድቶኛል ብሎኝ ሄዷል። ስለዚያ እኔ ምንም ልልሽ አልችልም።”

ምጽዋ መውረድህን አላውቅም ነበር። ለእኔ ምን ብለህ እንደወጣህ እስካሁን አስባለሁ፤ አላገኘሁትም።

በማግሥቱ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ስለነበር ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። የኪዳነ ድብልቅ ትክክል ነበር፣ ፈሳሹም ደህና ነበር፣ ያላፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ መዋሸቴን ሳያውቅ ነው የሞተው አልኳቸው። ትግርኛዬ ጠፍቶኝ ግማሹን በአማርኛ ተናገርኩት። አንዱ ዳቦውን አስቀመጠ።

ኣያ ሃብተ እስከ በሩ ሸኘኝ። “ሁለት ዓመት ተመልከትልኝ ሲለኝ አየሁለት” አለኝ። “አንድም ቀን የሚታረም አላገኘሁበትም። ይህን ለእሱ መንገር ነበረብኝ፤ ባለሙያ ነው፣ ያውቀዋል ብዬ ተውኩት።” ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በእኔ ላይ የተቆጣ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው አጭር ነው። ተገቢ ነው።

አሁን ጋራዥ ውስጥ ነገሩ ሲነሣ በትክክለኛው መንገድ ነው የሚነሣው አሉ። ለአንተ የሚጠቅምህ ምንም የለም። ማወቅ በነበረብህ ጊዜ አላወቅህም፤ ያንን ጊዜ የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ብዬ መቃብርህ ላይ ደጋግሜ ተንበርክኬያለሁ፤ ከዝምታህ ላይ ይቅርታ ቆርጬ ልወስድ ግን አልደፍርም።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ። ስለ ደግነትህ፣ ስለ ሳቅህ ሰው ሁሉ ያወራልሃል፤ እሱን አልቀማቸውም። እኔ የማስታውሰው እጅህን ነው። ስምህ በተነሣበት ቦታ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እጅህ እስከ መጨረሻው ቀን እንዳልተሳሳተ እናገራለሁ። የከዳህ እጅህ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩም አብሬ እናገራለሁ። መናገር ሲያቅተኝ እንኳ ይህንን እውነት በልቤ አልስተውም።

ሚስትህ ጥሩነሽ
ቤት ጊዮርጊስ፣ አስመራ