ዝናብ ሳይገባ ይውሰዳት

ግንቦት 3

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለኔ ጥሩ ነው። የማጥብለት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ጠዋት ከተሰጣ ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል። ዝናቡ ከገባ በኋላማ ሁሉም ነገር ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ስለዚህ አሁን ነው መሮጥ።

አማቴ ግን አትሮጥም። ወንበሯን ጎትታ ማስጫው ገመድ ሥር ተቀምጣለች፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ። የማንን ሳፋ? የኔን! የትራስ ልብስ የማለቀልቅበትን። "እንዲህ ያለ ከሰዓት አይገኝም" ትላለች። ለማን እንደምትናገር እንጃ... ለሰማዩ ይሆናል።

በአፌ "እርስዎ" ነው የምላት። እዚህ ግን "እሷ" ናት። ቢያንስ ወረቀት ላይ ልረፍ።

ባሌ የሞተ ጊዜ ለለቅሶ ብላ መጣች። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ እሷ ቀረች። ይኸው ሁለት ዓመት።

ግንቦት 5

ደስ የሚል ወሬ። የባሌ ወንድም ደወለ። "ዝናብ ሳይገባ መጥቼ እማዬን እወስዳታለሁ" አለኝ። እስከዛሬ የት ነበርክ የኔ ጌታ? በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ "እንደ ፈለግህ" ብቻ።

ሄጄ ነገርኳት። ማንጎ እየበላች ነበር። ቢላዋ አትነካም፣ ልጣጩን በጥርሷ ነው የምትገፈው፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ይወርዳል።

"አንቺ ምን አልሽው?" አለችኝ።

"እንደ ፈለጉ ነዋ እማማ።"

"እኔማ እንደ ፈለግሽ ነኝ።"

አለቀ። የዚህ ቤተሰብ ነገር እንዲህ ነው። ሁሉም "እንደ ፈለግሽ" ይልና የልቡን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። ባሌም ያው ነበር። ሻይ ትጠጣለህ ወይ ስለው መልሱ "ካፈላሽ" ነው። ምን ማለት ነው ካፈላሽ? እኔም ከነሱ ተጋባብኝ መሰለኝ።

የሆነው ሆኖ... ልትሄድልኝ ነው። ግቢው የኔ ብቻ ሊሆን ነው።

ግንቦት 8

ገደለችኝ ዛሬ።

ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል ጆግ ይዛ ግቢውን ውሃ ረጨች። ለምን? አቧራው እንዲተኛና አፈሩ እንዲሸት። አፈሩ እንዲሸት! ገመዱ ሙሉ አንሶላ ተሰጥቶ... ጠርዙ በሙሉ የጭቃ ፍንጣቂ። የማረፊያው የልብስ ክፍል ኃላፊ ደግሞ ዓይኗ አይጣል ነው፤ ዝንብ ያረፈችበት ቦታ እንኳ አያመልጣትም፣ ትመልሰዋለች። እንደገና በረኪና፣ እንደገና ማለቅለቅ፣ እንደገና መጭመቅ። ጣቶቼ ተላላጡ።

"እማማ፣ ነገም ከረጩ ከዚህ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ" አልኳት።

"ውይ ልጄ... ሽታው ግን አልመጣልሽም?" አለችኝ።

መጣልኝ። እንዳልመጣ ማድረግ አልቻልኩም። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ግንቦት 11

ጡረታ የወጣው ሾፌር ጎረቤታችን ሀብሀብ ይዞላት መጣ። ተቀምጠው ፍሬውን ማን አርቆ ይተፋል ይፎካከራሉ። በዚህ ዕድሜያቸው! አንዷ ፍሬ መጥታ የታጠበው ልብስ ቅርጫት አጠገብ ወደቀች። አነሳኋትና እያዩኝ አጥሩን አሻግሬ ወረወርኳት።

"ነይ ቁጭ በይ ትንሽ" አለችኝ። ቁጭ ያለ ሰው አንሶላ አያደርቅም አልኳት። ሾፌሩ ጣልቃ ገብቶ፣ የሚያደርቀው ፀሐዩ ነው እንጂ አንቺ ነሽ እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ሳቁብኝ።

ሳቋ... እሱን ነው የምጠላው። መጀመሪያ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ ታመልጣታለች። ቁርጥ የባሌ ሳቅ። ልብሱን ሰጠሁ፣ ጫማውን ሰጠሁ፣ አልጋውን እንኳ ቀየርኩ። ይሄን የት ልጣለው? የሞተ ሰው ሳቅ ይዞ ግቢዬ መሐል መቀመጥ ግፍ አይደለም?

ይውሰዳት። ዝናብ ሳይገባ ይውሰዳት።

ግንቦት 12

ፊቷን አንሶላዬ ውስጥ ከተተች! ገና ከገመዱ ያወረድኩት፣ ትኩሱ። እቅፍ አድርጋ ሽታውን ሳበችው። "ፀሐይ ፀሐይ ይላል" አለች። የእንግዳ አንሶላ! መልሼ አጠብኩት።

ግንቦት 17

የባሌ ወንድም ደወለ። ክፍሏን አዘጋጅተናል አለ። አራተኛ ፎቅ። ግቢ የለም፣ በረንዳም የለም፤ መስኮቱ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ግን ቴሌቪዥን አስገብተንላታል አለ። ደግሞ ሚስቴ ንጽሕና ላይ ትንሽ ጠንከር ትላለች፣ እማዬን አንዳንድ ነገር ንገሪያት አለኝ።

ምን አንዳንድ ነገር? ማንጎ በቢላዋ ብዪ በያት ነው? ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ። ለቅሶ የመጣች ዕለት መጋረጃዬን በጣቷ ጫፍ አንስታ ስታይ ነበር፣ አቧራ ፍለጋ። ሰው ስትቀበል ፊቱን አታይም፣ ኮሌታውን ነው።

ለአማቴ ስለ ክፍሉ ነገርኳት፣ ግድግዳውን ግን አልነገርኳትም። "ደግ" አለች። እኔስ ምን እንድትል ነበር የፈለግሁት?

ግንቦት 20

ዛሬ የማረፊያውን ሥራ ትቼ የሷን ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ያላትን በሙሉ። ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ሻርፕ፣ የውስጥ ልብስ ሳይቀር። ስታርች የሚገባበትን ስታርች፣ ሹራቡን በለብ ያለ ውሃ ለብቻው። ካውያውን አግዬ እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ የቀሚሱን ጫፍ... የማረፊያውን አንሶላ እንደማጥፈው አራት ማዕዘን አድርጌ አጠፍኩት። ያቺ ሴትዮ አንዲት መስመር አታገኝበትም። ጠላቴ የኔ ጠላት ናት፤ ለሌላ ሰው መሳቂያ አልሰጣትም።

አልጋዋ ላይ ደረደርኩት። ከግቢ ስትገባ አየችው። ቆመች። የላይኛውን ቀሚስ በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው።

"ለካ ቸኩለሻል" አለች።

አልቸኮልኩም ማለት እኮ ነበረብኝ። "እንዳይጨማደድብዎት ብዬ ነው" አልኩ። ይሄ መልስ ነው?

ግንቦት 22

ግቢ አልወጣችም።

ግንቦት 24

ዛሬም አልወጣችም። መጋረጃውን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ምሳ ስሰጣት "እግዜር ይስጥልኝ" ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ። ሾፌሩ መጥቶ ጠየቃት፤ ደክሟቸዋል አልኩት። አየኝ። አስተያየቱ አልተመቸኝም። ሀብሀቡን እንዳቀፈ ተመለሰ።

አንሶላው ንጹሕ ነው። አንዲት ፍንጣቂ የለበትም። ኃላፊዋ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አይታ "አሁን ገና ሠራሽ" አለችኝ። ልመታት ፈለግሁ።

ግንቦት 27

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። በእልህ ነው። እስቲ ምን ተገኝቶበት ነው ብዬ።

ነፋስ አለ እዚያ ቦታ። አንሶላው ሲነፋ ጥላው ፊት ላይ እየመጣ ይሄዳል። አሪፍ ነው፣ አልክድም። ጫማዬን አወለቅሁ። ሰማይ ስታይ የምትውል ነበር የሚመስለኝ... ሰማይ የለም። ሰማዩን አንሶላው ሸፍኖታል። ከዚያ ወንበር ላይ ፊት ለፊት የሚታየው የኔ መስኮት ነው፤ የመተኮሻ ጠረጴዛዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ነበር የምታየው እንዴ? ምኔን? ስነጫነጭ?

ይህን እያሰብኩ ጭስ ሸተተኝ። ካውያው! የትራስ ልብሱ ላይ ትቼው ወጥቼ። በሕይወቴ ልብስ አቃጥዬ አላውቅም። ጥፋቱ የሷ ነው።

ሰኔ 1

ነገ ጠዋት ይመጣል። ሰማዩ ዛሬ ከብዶ ዋለ፤ ነፋሱም ቀዝቅዟል። በጋው አበቃ ማለት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ቀኖች ክፍል ውስጥ ጨረሰቻቸው። በኔ ምክንያት።

ሻንጣዋን አዘጋጅታ አጠገቧ አቁማለች። ሁሉም ተሟላ ወይ አልኳት። "አንቺ አሟልተሽው የለ" አለች። በክፋት አይደለም የተናገረችው። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ መልስ አላጣም።

አንድ ቃል ናት። "ይቅሩ"። እስከ ጉሮሮዬ ትመጣና ትመለሳለች። ብላትና "እንደ ፈለግሽ" ብትለኝስ? ቀርታ፣ በይሉኝታ የቀረች እንደሆነስ? አናውቅበትም። በዚህ ቤት ማንም አያውቅበትም።

ናፈቀችኝ። ገና ሳትሄድ፣ እዚያ ማዶ ክፍል ተቀምጣ። ያበደ ሰው ነገር።

ሰኔ 2

ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ሻንጣዋን ከፈትኩት። በቁሙ ገለበጥኩት። ሁሉንም ትልቁ ሳፋ ውስጥ ከተትኩና ውሃ ሞላሁበት፣ ሳሙና ነሰነስኩበት። አልሰጥም ብሎ ሲንሳፈፍ በሁለት እጄ ደፈቅሁት።

የባሌ ወንድም መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ሻንጣውን ሲያነሳው ቀለለውና ከፈተው።

"ልብሷ የታለ?"

"ኮሌታው አልጠራ ብሎኝ ነከርኩት" አልኩት።

ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ። አማቴም ወጥታ በር ላይ ቆማለች፣ የቤት ልብሷን እንደለበሰች። እሷም ሳፋውን አየችው። ዝናቡም ያኔ ነው የጀመረው፤ ጠብ ጠብ ሲል ቆይቶ አወረደው። ሳፋውን ከደጅ አላነሳሁትም፣ ማንም አላነሳውም።

"ይሄ መቼ ነው የሚደርቀው?" አለችኝ።

"ክረምቱ ሲወጣ ነዋ እማማ።"

ወደ ልጇ ዞረች። "ሰማህ? ክረምቱ ሲወጣ" አለችው። ሊከራከር ሞከረ፤ እዚያ ሌላ ልብስ እንገዛልሻለን ምናምን አለ። የሰማችው አልመሰለችም። ሻይ አፍልቼለት ጠጥቶ ሄደ። ባዶውን ሻንጣ መኪናው ውስጥ ጭኖት ነበር፣ መልሶ አወረደው።

ከሰዓት ልብሱን ላወጣ ስሄድ ጉድ ፈላ። በጥድፊያ ቀዩን ሻርፕ ከነጮቹ ጋር ነክሬዋለሁ። ሁሉም ሮዝ ሆኗል። ቀሚሱም፣ ሹራቡም፣ የውስጥ ልብሱም። ዕድሜዬን ልብስ ሳጥብ የኖርኩ ሴት! አማቴ አንድ በአንድ እያነሳች ስትነጫነጭብኝ ዋለች። "ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢ ነኝ ትላለች!" አለችኝ። እኔም አልተውኳት፤ ርካሽ ሻርፕ ይገዙና ቀለሙን ሲለቅ በሰው ያሳብባሉ አልኳት። ተናነቅን። ጎረቤት ሳይሰማን አልቀረም።

በመጨረሻ ሮዙን ቀሚስ ጭምቅ አድርጋ እላዬ ላይ ወረወረችው።

"ይሄን ለብሼማ የትም አልሄድም" አለች።

"ማን ይሂዱ አለዎት?" አልኳት።