ስነዳ አላነሳም

ሰኞ

እኔ ነኝ የገጨኋት። ፍሬኑ አይደለም፣ ጭቃው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ሌላ ሌላ ሳወራ ስለዋልኩ ቢያንስ ደብተሬ ላይ እውነቱን ልጻፍ።

ጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ኒውላንድ ሰፈር እየነዳሁ ነበር። ባጃጁ ባዶ ነው። ስልኬ እንደ ሁልጊዜው ሻርፔ ውስጥ፣ ግራ ጆሮዬ ላይ ተሰክቷል። ይህን ዘዴ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኮራበትም ነበር። ወንዶቹ ሹፌሮች ባንድ እጃቸው ስልክ ባንድ እጃቸው መሪ ይዘው ሲንገላቱ፣ እኔ ሁለቱንም እጄን መሪው ላይ አድርጌ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ። እዚህ ከተማ ቤት የሚገኘው በስልክ ነው። "ማንጎው ጋ ታጠፊ፣ ሰማያዊ በር ታያለሽ፣ እሱን እለፊ" እያሉ እስከ ደጃቸው ይመሩሻል። ትራፊክ እንኳ አይቶኝ አያውቅም።

የደወለው ግን ደንበኛ አልነበረም። አባዬ ነው።

"የት ደረስሽ?"
"ድልድዩን ተሻገርኩ።"
"ታዲያ ለምን ቶሎ አላነሳሽም?"

ምን እንደምመልስለት ሳስብ አንዲት ሴት በግራ በኩል መንገዱን መሻገር ጀምራ ነበር። ዓሣ የሞላ ሳፋ ተሸክማለች። ጮሃለች አሉ። እኔ አልሰማሁም። አባዬ ግን በስልኩ ሰማት።

ስሟ አሪየት ነው። የእናቴ እኩያ ትሆናለች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰንጥቆ ጤና ጣቢያ ጄሶ አደረጉላት። ሰው ዓሣዋን ካስፋልት ላይ ሲለቅምላት እኔ ቆሜ አይ ነበር። አባዬ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። ቁልፉን ከእጄ ወሰደ።

ማክሰኞ

ቤት ዋልኩ። አባዬ ባጃጁን ለአጎቴ ልጅ ለከድር ሊሰጠው ነው አሉ። ስምንት ወር የነዳሁትን! ባጃጅ ተራው ላይ ያለሁት ብቸኛዋ ሴት እኔ ነኝ። ከሄድኩ ማንም አይተካኝም።

ዛሬ ስለ እኔ የተባለው፦

ተራ አስከባሪው፦ "ድሮስ ሴት ልጅና ባጃጅ!"
ጎረቤታችን፦ "ትዳር ይሻላታል።"
ከድር፦ "እኔ እኮ ነግሬያት ነበር።" መቼ ነው የነገረኝ?
አባዬ፣ ለጠየቀው ሁሉ፦ "ፍሬኑ እንቢ ብሏት ነው።"

ፍሬኑን ባለፈው ሳምንት ራሱ ነው ያስቀየረው። እኔን ሊያድን ይሁን ራሱን፣ አላውቅም። ንድድ ብሎኛል። ስልክ ሳወራ ነበር ካልኩ ቁልፉ ሄደ። ዝም ካልኩ ደግሞ "ሴት ስለሆነች ነው" የሚለው ወሬ እውነት ሆኖ ይቀራል። ከእኔ ቀጥላ መንጃ ፈቃድ የምታወጣ ልጅ በእኔ ስም ትከለከላለች። ይሄን አልፈቅድም።

እና ደግሞ ዘዴዬስ ልክ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ሁለት እጄ መሪው ላይ ነበር። ዓይኔም መንገዱ ላይ ነበር። ግን አላየኋትም። የማየው አባዬን ነበር፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲቆጣ።

ረቡዕ

ለማንም ሳልነግር አሪየት ቤት ሄድኩ። ወንዙ ዳር ነው። ስታየኝ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። በርጩማ ሰጠችኝ። አማርኛዋ ላይ "አንቺ" የሚባል የለም፣ ለሁሉም "አንተ" ነው።

"እጅ ይድናል" አለች። "አንተ ስታወራ አየሁ፤ ማን ጋር ነው ያወራህ?"
"አባቴ ጋር።"
"አባት ቤት አለ አይደል? ማታ ታወራለህ።"

ይኸው ነው። እኔ ሁለት ቀን ስብሰለሰል ያላገኘሁትን እሷ ባንድ ቃል ጨረሰችው። ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ አለቀስኩ። ዓሣዋን ወደ ገበያ የሚያደርስላት ሰው የለም። በአንድ እጅ ሳፋ ራስ ላይ አይወጣም።

ሐሙስ

ሽምግልና። ኒም ዛፉ ሥር የእነሱም የእኛም ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የአሪየት ወንድም ረጋ ያለ ሰው ነው። አባዬ ስለ ፍሬኑ ተናገረ። ወንድሟ ራሱን ነቀነቀና "ፍሬን ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለም" አለ። ሊያልቅ ነው። ዝም ብል ነገሩ ያልቃል። እግሬ ግን ራሱ ተነሳ።

"ፍሬኑ ደህና ነው። ስልክ እያወራሁ ነበር፣ ሻርፔ ውስጥ ሰክቼው። ሴት ስለሆንኩ አይደለም የገጨኋት፣ ስልክ ስለማወራ ነው። እዚህ ያላችሁትም ሹፌሮች ታወራላችሁ።"

ከድር መሬት መሬት አየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ይቺ ልጅ አፏ!" ሲል ሰማሁት። ይበል።

"ማን ጋር ነበር?" አለ ወንድሟ።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። አባቴን ሽማግሌ ፊት አላዋርድም። ከዚያ አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና "ከእኔ ጋር ነው" አለ።

የፈረዱት ይህን ነው፤ የአሪየት እጅ እስኪድን ድረስ በየጠዋቱ እሷንም ዓሣዋንም ከወንዝ ገበያ ማድረስ። እኔው ራሴ፣ በዚያው ባጃጅ። ከድር አይደለም። አልሐምዱሊላህ!

ዓርብ

አባዬ ቁልፉን ሲሰጠኝ አልለቀቀውም፣ አንድ ጫፉን ይዟል።

"ስደውል ግን ታነሻለሽ።"
"ስነዳ አላነሳም።"
"መንገድ ላይ ነገር አለ ሲባል እኔ ምን ልሁን? ሴት ልጅ ነሽ።"
"ከድርን እንዲህ በየአሥር ደቂቃው ትደውልለታለህ?"

ቁልፉን ለቀቀው። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

ስልኩን ወንበሩ ሥር ካለው ሳጥን ከተትኩት። ጆሮዬ ራቁቱን የቀረ መሰለኝ። እጄ ስንት ጊዜ ወደ ሻርፔ እንደሄደ አልቆጠርኩም። ሁለት ደንበኞች "ስልክ የማያነሳ ሹፌር ምን ይሠራል" ብለው ወደ ሌላ ሄዱ። ይሂዱ። ላነሳ ስፈልግ ዳር ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ ነው። ቤታቸውን እንዴት እንደማገኝም መጀመሪያውኑ ሳልነሳ ጠይቄ በቃሌ እይዛለሁ።

እንዳልዋሽ ግን እዚህም ልናዘዝ፣ አንዴ ተሸነፍኩ። አሪየት ከኋላ ተቀምጣ ገበያ ስንቃረብ ስልኩ ሳጥኑ ውስጥ ጮኸ። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ገና እየሄድን ነው። ከኋላዬ ኳ! ኳ! ኳ! አለ። በጄሶዋ የባጃጁን ብረት ትመታለች።

"መንገድ! መንገድ እይ!"

ቀና ስል ከፊቴ አህያ። ልገጫት ትንሽ ሲቀረኝ ቆምኩ። ፍሬኑ እውነትም ደህና ነው። አሪየት ከኋላዬ ስቃ አታባራም።

አባዬ ሰባት ጊዜ ደውሎ ነበር። ራት ላይ እናቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ስታይ ወጡ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ

አሪየትን ካደረስኩ በኋላ አቦል ወደሚባል ቦታ ኮንትራት አገኘሁ። ከከተማ ወጣ ይላል፣ አባዬ የሚፈራው መንገድ ነው። ከመነሳቴ በፊት ደውዬ "ወደ አቦል ሄጃለሁ" ብዬ ነገርኩትና ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። መንገዱን ሙሉ በልቤ ስጨቃጨቀው ሄድኩ። እንዲህ ካለኝ እንዲህ እለዋለሁ፣ ከድርን ካነሳ ስለ አህያዋ ሳልነግረው እንዲህ እለዋለሁ። ሳጥኑ አልጮኸም። ወይም ሞተሩ ውጦት ይሆናል አልኩ። እጄ መሪው ላይ ነው፣ ጆሮዬም ለመንገዱ።

ተሳፋሪዎቹን አውርጄ ጥግ ያዝኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ስልኩን አወጣሁ። ያልተነሳ ጥሪ የለም። አንድም። አኩርፎኛል ማለት ነው፣ ወይም ቁልፉን ማታ ሊወስደው ወስኗል። ደወልኩለት።

አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ አነሳው።

"ደረስሽ?"
"ደረስኩ አባዬ።"

የሱቁ ማራገቢያ ሲሽከረከር ይሰማኛል።

"በይ፣ ስትነሺ ንገሪኝና ዝጊው" አለ።

ቤት ስገባ እናቴ ጓዳ ጠርታኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ከወጣሁ ጀምሮ አባዬ ስልኩን ከቀኝ እጁ አላወረደውም፤ ለሰው ስኳር ሲመዝን እንኳ በግራው ነበር። አልደወለም ግን።

ነገም ስነዳ አላነሳም። እንደደረስኩ ግን ከመውረዴ በፊት እደውልለታለሁ።