የተደባለቀው ቀለሃ

ሰኞ

አውራ ጣቴ አብጧል። ዛሬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ባነሳሁ ቁጥር ይጠዘጥዘኝ ነበር። ጥፋቱ የትናንቱ የጋሽ ተኽለ ጋራዥ ነው። ሳን ሆዜ ድረስ ነድቼ ሄጄ፣ የእሑድ ዕረፍቴን የሚሊተሪ ቀለሃ ስፍቅ ዋልኩ። ለወታደር የተሠራ ጥይት ላይ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር እንዳትወልቅ ዙሪያዋን ቀጥቅጠው ነው የሚያስሯት። ቀለሃውን እንደገና ልሙላ ካልክ ያንን ቀለበት አንድ በአንድ መፋቅ ነው። ከሱቅ የተገዛው ይህ ጣጣ የለበትም። አሮጌዋ ትወጣለች፣ አዲሷ ትገባለች፣ አለቀ።

ይህን ብላቸው "ሰነፍ!" አሉኝ። "የሚሊተሪው ግድግዳው ወፍራም ነው። ደጋግመህ ብትሞላውም አይሰነጠቅም።"

ችግሩም እሱ ነው እኮ፣ አልኳቸው። ከውጪ ሲያዩት እኩል ነው፣ ውስጡ ግን ጠባብ። ለሱቁ የለካነውን ባሩድ እዚያ ውስጥ ከጨመርነው ግፊቱ ይበዛል።

"ይህን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የአጋዘን አደኑ እየደረሰ ነው። አንዱን መምረጥ አለብን። ዛሬ ግን ለመከራከርም አቅም የለኝም።

ረቡዕ

በላይ በላዩ ሠራሁ። ሄይዋርድ ያለው መጋዘን ሰው አንሶታል፤ ሱፐርቫይዘሩ ኦቨርታይም ሲለኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ኦክላንድ ቤቴ ስደርስ የስልክ መልእክት የሚቀዳው አንሰሪንግ ማሽን ላይ ጋሽ ተኽለ ነበሩ። ማሽኑን እንደ ሰው "ጤና ይስጥልኝ" ብለው ነው የሚጀምሩት።

"እሺ፣ ያልከው ይሁን። ለአደኑ የሱቁን ብቻ እንሙላ። እኔው እሞላዋለሁ፣ አንተ ሥራህን ሥራ። ቅዳሜ ሬንጅ ውሰደኝ።"

ደስ አለኝ። ትንሽም ገረመኝ፤ በክርክር ተሸንፈው አያውቁም።

ጋሽ ተኽለ ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የመኪና መለዋወጫ ሸጠዋል። የተዋወቅነው ተኩስ የምንለማመድበት ሬንጅ ላይ ነው። ዒላማ ስቼ በአማርኛ ስሳደብ፣ ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ "እሱ ምን በደለህ? ትንፋሽህን ያዝ እንጂ" አሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያ ጋራዥ ነው የሚያውላቸው። እኔንም እሑድ እሑድ ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ

ጉንጬ አሁንም ያቃጥለኛል። 

ጋሽ ተኽለን ሬንጅ ወስጄ፣ እሳቸው ከሞሉት ጥቂት ተኮስኩ፤ ደህና ነበር። ከዚያ አንዷ መጣች። ድምፅዋ ተለየ። ጠመንጃው ትከሻዬን አነቃነቀው፣ ጉንጬን አንዳች ነገር ለበለበኝ። መቀባበያውን ብስብ ንቅንቅ አልል አለ። የሬንጁ ኃላፊ ተኩስ አስቁሞ መጣ። በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ መታ መታ አድርጎ ከፈተው። ቀለሃው ሲወጣ ፕራይመሯ ተጨፍልቃ ከሥሩ ጋር ተጣብቃለች። "ዕድለኛ ነህ" አለኝና ፊቴን አየት አድርጎ ሄደ።

ቀለሃው ሥር የተመታውን ጽሑፍ አነበብኩ። የሚሊተሪ ነው።

"ጋሼ፣ የሱቁን ብቻ አላሉም?"

"የሱቁን ነው የሞላሁት።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ያንብቡት!"

ተቀበሉኝ። አላነበቡትም። በአውራ ጣታቸው ሥሩን ዳሰሱት፣ ደግመው ዳሰሱት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ጮህኩባቸው። ሊገድሉኝ ነበር አልኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ፣ ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ። ሳን ሆዜ አደረስኳቸው። ሲወርዱ የበሩን እጀታ በዳበሳ ፈልገው ነው ያገኙት። እሱንም ያየሁት ተናድጄ ነው።

እሑድ

ዛሬ አልሄድም ብዬ ተኝቼ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ናት፣ ልጃቸው፤ ሳንታ ክላራ ነው የምትሠራው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ምን ተፈጠረ አለችኝ። ነገርኳት። እሷም መኪና መንዳት ከተው ወራት እንዳለፋቸው፣ ቴሌቪዥኑን አፍንጫቸው ሥር አድርገው እንደሚያዩ ነገረችኝ። እርጅና ነው ብለው ሸንግለዋታል። እኔንም "ቤንዚን ይቆጠብ፣ አንተው ውሰደኝ" እያሉ ነበር።

ልብሴን ቀየርኩና ሄድኩ።

ጋራዡ ውስጥ መብራት ሳያበሩ ተቀምጠዋል። ሁለት ቀለሃ መዳፋቸው ላይ አደረግሁ።

"ጋሼ፣ የሱቁ የትኛው ነው?"

ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት፣ አራቁት፣ መለሱልኝ።

"ድሮ ጣቴ ይነግረኝ ነበር" አሉ። "ቀለበት ያለው የሚሊተሪ፣ የሌለው የሱቅ። አንተ ስትፍቀው ሁሉም አንድ ሆነብኝ።"

ለዚህ ነው ለካ የሚሊተሪውን የሙጥኝ ያሉት። ሳይፋቅ በጣታቸው ለይተው የማይሳሳቱት እሱን ብቻ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ጭጋግ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ትመጣ ነበር?"

መብራቱን አበራሁ።

የተሞላውን ጥይት ሁሉ ዘረገፍን። እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ ሥሩን አነባለሁ፣ እሳቸው ሣጥን ይዘው ይቀበሉኛል። ከሱቁ መሐል የገባ ሌላም የሚሊተሪ ተገኘ። ባገኘሁ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። የተሞላውን በሙሉ ልናፈርሰው፣ ከእንግዲህ በሱቁ ብቻ ልንሠራ ተስማማን። የሚሊተሪው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለብቻው ቢሆን ጥሩ ቀለሃ ነው። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ መዋል ነው የሌለባቸው።

ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ።

ሐሙስ

ከሥራ ቀረሁ። ሱፐርቫይዘሩ ደስ አላለውም፤ ይቻለው። ሰናይትና እኔ ጋሽ ተኽለን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው።

የዓይን ሞራ ነው። የቀኙ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ደህና ያያሉ ብሏል ሐኪሙ። በግራው ግን ከሞራው ጀርባ ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ሞራው ካልተነሳ አይታወቅም። ሰናይት በተሰባበረ አማርኛዋ እየተረጎመች ሳለ እዚህ ላይ ቃሉ ጠፋባት። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል።

የዘንድሮው አደን ቀረ። አላዘንኩም። እንዲያውም አንድ ሸክም የወረደልኝ ያህል ነው።

ስንመለስ ከጎኔ ተቀመጡ። ቀበቶውን በዳበሳ አሰሩና "ፈራሁ" አሉ።

"እኔም ቅዳሜ ለት ፈርቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ጮህክብኝ?"

"ስለፈራሁ ነዋ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።"

ሳቁ። ሰናይትም ከኋላ ወንበር ሳቀች። ቀጥለው እንደራባቸው ተናገሩ፤ ያገኘነው ቦታ ቆምንና ዶሮ ጥብስ በላን። የእኔንም ድንች ጨረሱብኝ።

ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ነው። ስለ ግራው ዓይን ማንም አላነሳም።